አባትሽ ቱልሲን የዳረ ዕለት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ከምላሱ በቀር ምንም አልሆነም።

ከተማ ሄደሽ በፊርማ ካገባሽ ወዲህ፣ እኔ ሳልድራት ያገባች ልጄ አይደለችም እንዳለ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት። የዲዋሊ በዓል እንዳለፈ ለመንደሩ ሁሉ፣ ሴት ልጅ የሌለው ሰው ቅድስቲቱን ተክል ቱልሲን ለአምላካችን ለክሪሽና ድሮ ልጅ የመዳርን ጽድቅ ያገኛል፤ እኔም በደጄ ያለችውን ተክል እድራለሁ ብሎ አወጀ። ልቤ ድንግጥ አለ። በካህን ፊት ልጅ የለኝም ካለ በኋላ በምን አፉ ነው "ግቢ" የሚልሽ? ብለምነው፣ ባስለምነው፣ አሻፈረኝ አለ።

ቀኑ ደረሰ። በሸንኮራ አገዳ ዳስ ሠራን፤ ተክሏንም የእኔን የሰርግ ሳሪ አለበስናት። ሙሽራው የጎረቤታችን የሳኩባይ የክሪሽና የናስ ምስል ነው። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም፤ የሳኩባይ ኩራት ግን አይጣል ነው! ከበሮ አስመትታ አርፍዳ መጣች፤ ጣፋጩ አነሰ አለች፤ ሙሽራዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ከሲታ ናት፣ ቅጠሏም ረግፏል አለች።

አባትሽ ብድግ አለ። ልጄን ማን ነው ከሲታ የሚላት፣ የአንቺው ልጅ ከማንኪያ አይበልጥ፣ ካልፈለጋችሁ መንገዱ ያውላችሁ ብሎ ሊያባርራቸው ምንም አልቀረው። ጎትተን አስቀመጥነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ እኔም በሳሪዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ።

ከዚያ በሙሽሮቹ መካከል መጋረጃው ተዘረጋ፤ የምንበትነውን ሩዝ ያዝን። ካህኑ አባትሽን፣ "ልጄን ቱልሲን ሰጥቻለሁ በል" አሉት። "ልጄን" አለና ያንቺን ስም ጠራ። አረሙት። አሁንም ያንቺኑ ስም ጠራ። እንደገና ሊያርሙት ሲሉ፣ "የልጄን ስም እርስዎ ሊነግሩኝ ነው?" አላቸውና ፊቱን በትከሻው ጨርቅ ሸፈነ። ካህኑ ብልህ ናቸው፤ አምላክ ይገባዋል ብለው ሩዙን በተኑት። እኔማ ምን እደብቅሻለሁ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ትናንት ደግሞ የጓዳውን አልጋ እግር ሲያጠባብቅ ዋለ። አሁን ሁለት ሰው ይሸከማል። ይህን ስጽፍ ሁለቴ አጠገቤ መጥቶ ተመለሰ፤ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ "ለዚያች ለምትጽፊላት ንገሪያት፤ ጠዋት ጠዋት ተክሏን የሚያጠጣት የለም። እኔን ወገቤን ያመኛል" አለኝ።

ልጄ፣ ትዳርሽ ይለምልም፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። አባትሽን ግን፣ ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ወገቡን አሞት አያውቅም።

እናትሽ