ተራራዬ ያፈሳል

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

የጄሶዋ ጭላዳ ጆሮ ወደቀ። ያውም ባቡሩ እየሮጠ፣ አንዲት ሕፃን ጭን ላይ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ጆሮውን እንደ ሽልማት ይዛ ወረደች። እናቷ «እንዴት ደስ ይላል! ስጦታም አላችሁ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አለቃዬ ናሆም ግን መልስ አያጣም፤ «አዎ፣ ሰርፕራይዝ ነው!» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትርሲት፣ እዛ ጋ ያለውን አምፖል አስፈቺው» አለ።

የእኛ ቤት ጥገና ይሄው ነው። አንድ ነገር ሲሰበር ከላዩ ያለውን አምፖል እንፈታለን። የዋልያው ቀንድ ተሰነጠቀ፣ አምፖሉ ተፈታ። ፏፏቴው ደረቀ፣ ተፈታ። አንበሳው ሻጋታ አወጣ፣ እሱም ተፈታ። ይሄን ሮለር ኮስተር ቦሌ ያለው የገበያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲተክሉት ዙሪያውን ያለውን ተራራ የሠራሁት እኔ ነኝ። ገደሉን፣ ጭላዳዎቹን፣ ጫፉ ላይ ያለውን የማለዳ ሰማይ። ሥዕል ተምሬ የሠራሁት ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ሲያልቅ «አንቺው ተንከባከቢው» ተብዬ ቀረሁ። ቀለም ስጠይቅ ግን ሁሌ «በሚቀጥለው ወር» ነው። አሁን ተንከባካቢዋ ቀበቶ አሳሪ ሆናለች። ሰዉም «የጨለማው ባቡር» ይለው ጀመር። ናሆም የባለቤቱ ልጅ ነው፣ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ በዚሁ ስም ማስታወቂያ አሠርቷል። ጎበዝ ልጅ።

የዛሬ ድል፦ የጭላዳዋን ሁለተኛ ጆሮ በማስቲሽ አጠበቅኩት።

ቤት ስገባ ልጄ ሶልያና በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ባቡሩ መግቢያ ላይ እጇን ዘርግታ የምትቆም ጭላዳ ስዬ ነበር፤ ከእጇ በታች የሆነ ልጅ አይሳፈርም። ያንን ቁመት ቤታችን በር ላይም አስምሬላታለሁ፣ «እዚህ ስትደርሺ ለእንቁጣጣሽ አሳፍርሻለሁ» ብዬ። ልጄ ደርሳለች። ፀጉሯን ተጫንኩት፣ ያለ ፀጉሯም ደርሳለች። «እሺ፣ ሐሙስ» አልኳት። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ የወደቀው ጆሮ ትዝ አለኝ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አደረ። ጣሪያው ያፈሳል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን ወለሉ ላይ ያለው ኩሬ ቡኒ ነው። ውሃው በተራራዬ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው ማለት ነው።

ጋሽ ከድር መሰላሉን ያዙልኝ። መካኒካችን ናቸው። ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ሐዲዱን በየጠዋቱ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። «ከታች ላለው እኔ አለሁ፣ ትርሲትዬ። ከላይ ያለው ያንቺ ነው» አሉኝ። ባቡሩን የሚያስነሳው የፓኔሉ ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ትርፍ ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። ሌላ ይቀረጽ ብለው ስንቴ ለመኑ፤ ናሆም «አንዱ እየሠራ አይደል?» እያለ ሳይቀረጽ ቀረ።

ወጣሁ። የተራራው ጫፍ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው፣ ልክ ከሐዲዱ በላይ። በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ሰረጎደ። ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ይረግፋል። ጄሶ ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ የተሸከመው ያውቃል። ያ ሁሉ ክብደት እዚያ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው እየጮኹ ያልፋሉ።

የጠየቅኩት፦ ጄሶ፣ ሽቦ፣ ሸራ፣ አንድ በያጅ፣ ሦስት ቀን መዝጋት።
የተሰጠኝ፦ ባልዲ።

ናሆም «ከአውዳመቱ በኋላ እናየዋለን። አሁን እኮ ፒክ ሲዝን ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ሰው ይጎርፋል!» አለኝ።
«ቢወድቅስ?»
«እስካሁን ወድቋል?»

ማታ ለሶልያና ሐሙስ እንደማይሆን ነገርኳት። «ደርሻለሁ እኮ!» ብላ አለቀሰች። ተበላሽቷል አልኳት። እራቷን ሳትበላ ተኛች። እኔም አልበላሁ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። እንደ ጉድ ዘነበ። ጠዋት አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ዝናብ ውስጥ ናቸው። እኔና ሶልያናም ወርደን ራሳችንን ሰጠነው። ትንሽ ታረቀችኝ።

ሥራ ቦታ ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም።

ሰልፉ መሃል ውሃው ይንጠባጠባል፣ ባልዲ አስቀምጫለሁ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቀና ብለው አዩና መዳፋቸውን ዘረጉ። ፊታቸውን አበሱ። የልጅ ልጃቸውን ሳብ አድርገው ከሥሩ አቆሙት። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ የውሃ ጠርሙስ የያዘች። በአንድ ጊዜ ሰልፉ ከባቡሩ ወደሚንጠባጠበው ውሃ ዞረ። ጸበል ነው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የጣሪያ ውሃ ነው፤ ቀለምም አለበት» አልኳቸው።
«ልጄ፣ በየት በኩል ቢመጣ ከሰማይ አይደል የመጣው?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፣ አዘኑልኝ እንጂ።

የልጁ ጉንጭ ላይ ቡኒ መስመር ቀርቷል። እኔ የበጠበጥኩት ቀለም። ለገደሉ። አውቀዋለሁ።

እኔም አምናለሁ። ጠዋት ከልጄ ጋር የቆምኩት ለቀልድ አይደለም። የሩፋኤል ዝናብ ግን የዛገ ብረት አያጠነክርም።

ናሆም ምን አደረገ? ባልዲዬን አነሳ። ሰው እንዲመቸው! ከዚያ በስልኩ ቀርጾ «ጸበሉ እኛም ጋ መጣ» ብሎ ለቀቀው። ከሰዓት ሰልፉ እስከ አሳንሰሩ ደረሰ። «አየሽ? አንቺ ዝጉት ትያለሽ፣ ሰው ወዶታል» አለኝ። በጥፊ ባጠናግረው ደስ ይለኝ ነበር። ቀበቶ ማሰር ቀጠልኩ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

አስፈቅጄ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄድኩ፣ የናሆም አባት ቢሮ። አቶ ዘውዱ ክፉ ሰው አይደሉም። ተራራው ያለቀ ቀን እናታቸውን ደግፈው አምጥተው፣ «እማዬ፣ አገርሽን እዪ» ሲሏቸው የራሳቸው ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቸውን አምኜ ነው የሄድኩት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጄሶውን፣ ብረቱን፣ ልጆቹን። ሰሙኝ። ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ «አንቺን አልደብቅሽም፣ ልጄ» አሉ። «ከመስቀል በኋላ ይፈርሳል። ወለሉ የሠርግ አዳራሽ ይሆናል። ለሚፈርስ ነገር ማን ጄሶ ይገዛል?»
«እስከዚያ የሚሳፈሩትስ፣ ጋሼ?»
«ይሄን ሁሉ ጊዜ ደህና አልነበረም?»

ልጁ ንግግሩን ከየት እንዳመጣው ገባኝ።

ሻዩን አልጠጣሁትም። ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ በእግሬ ሄድኩ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት እንዳላለቅስ። ዝናቡ ጠቀመኝ።

ያናደደኝ ምኑ እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ልጆቹ ናቸው? ወይስ ተራራዬ? ሲሻግት ዝም ያሉት ረስተውት መስሎኝ ነበር። ለካ እስኪያልቅለት እየጠበቁ ነው። በሽተኛን ቤት አስቀምጦ፣ ሐኪም ከመጥራት የሚሞትበትን ቀን መቁጠር። እንዲህ ነው የተሰማኝ፣ እንዲህ ጻፍኩት።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ዛሬም ሙሉ ቀን ሠራ። ጫፉ ካለፈው ቀን ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ ጋሽ ከድርም መስሏቸዋል። ባቡሩ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሲያልፍ እለቀዋለሁ። ሥራዬ ይሄ ሆኗል።

ማታ ሶልያና ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ለነገ የምታዞረውን ሥዕል እየቀባች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦
«ማክዳ ነገ ባቡሩ ላይ ልትሳፈር ነው።»
ማክዳ ከታች ያለው ፎቅ ላይ ያለች ጓደኛዋ ናት።
«እ?»
«ለእሷ አልተበላሸም?»

ወጥ ላይ ጨው መጨመር የረሳሁ መስዬ ተነሳሁ።

ወደ ማክዳ ቤት ወረድኩ። እናትየው ሽንኩርት እየከተፈች ዓይኗ ቀልቷል፣ እየሳቀች ተቀበለችኝ። «ነገ አንቺ ጋ ነን! ባሌ እንኳ ፈቃድ አገኘ» አለችኝ። ልነግራት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወሬው ናሆም ጋ ሲደርስ ታየኝ፣ የቤት ኪራዩ ታየኝ። «መልካም አዲስ ዓመት» ብያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ራሴን ሰደብኩት፣ እዚህ በማልጽፈው ስድብ።

ለጋሽ ከድር ደወልኩ።
«ነገ የጥገናውን ትልልቅ መብራቶች ቢያበሩልኝ?»
«ምን ልትሠሪ?»
«ሰው ይየው።»
ከኋላቸው ሬዲዮ ይሰማል። «አበራለሁ» አሉኝ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

አበሩት።

ሰልፉ ሞልቷል፣ አዲስ ልብስ፣ አደይ አበባ ፀጉር ላይ። መብራቱ ሲበራ ሁሉም ቀና አለ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉውን አየሁት። ጆሮ የሌላት ጭላዳ። አረንጓዴ የሆነ አንበሳ። የማለዳ ሰማዬ ላይ እንደ ካርታ የተዘረጋ የውሃ እድፍ። ሆዱን የነፋው ጫፍ። አፈርኩ። ራቁቴን የቆምኩ ያህል አፈርኩ።

በቃ፣ አሁን ይበተናሉ ብዬ ነበር። አልተበተኑም! አንዱ ፎቶ አነሳ። አንዱ አባት «አርጅቷል እንጂ ምን ሆነ?» አለ። ናሆም «ሪኖቬሽን ላይ ነን፣ ከመስቀል በኋላ አዲስ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ አመነው። ልጆቹ ይቸኩላሉ። ብርሃን ሁሉን ነገር ይናገራል ብዬ ነበር፤ ሰው እኮ አይቶም ይሳፈራል።

በቀኑ የመጀመሪያ ጉዞ፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ማክዳ ናት። ቀበቶዋን እኔው አሰርኩላት።

«የሶልያና እናት፣ ሶልያናስ?» አለች የማክዳ እናት ከአጥሩ ማዶ። «ዛሬ አብረው አልነበር እንዴ የሚሳፈሩት?»
«ቤት ናት።»
«ምነው፣ አመማት?»
«አላመማትም። አልፈቀድኩላትም።»
ሳቋ ቆመ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው?»
«እኔ ነኝ። ስለማውቀው ነው ያልፈቀድኩላት።»

እናትየው አጥሩን አልፋ ገብታ ማክዳን ራሷ ፈታቻት። ኋላ ያለው አባት «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ፤ የሰማ ነገረው። እሱም ልጁን አወጣ። ከዚያ ሌላው። ባቡሩ ወንበር በወንበር ባዶ ሆነ። የሚያለቅሱ ልጆች፣ ገንዘባችንን መልሱ የሚሉ ወላጆች። ናሆም ፊቱ ቀልቶ «ቻው፣ ትርሲት። ነገ እንዳትመጪ» አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። መብራቱ አሁንም እንደበራ ነበር።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ከድር ደወሉ። ከሰዓት ወሬውን ያልሰማ ሌላ ሰው መጥቶ ሰልፉ እንደገና ሞላ አሉ፣ ሠራተኞቹ ደውለው ነግረዋቸው። ናሆም ጫፉን በመወልወያ እንጨት ገፍቶ «ይኸው፣ አልወደቀም!» ብሏል። እውነትም አልወደቀም። መብራቱን አጥፍቶ ባቡሩን አስነሱ ሲል ግን ቁልፍ የለም።

«ቁልፉስ?» አልኳቸው።
«አንገቴ ላይ ነው።»
«እርስዎስ የት ነዎት?»
«ቡታጅራ። ዘመድ ጥየቃ መጣሁ። ሳላወልቀው ወጣሁ እኮ፣ እርጅና!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።
«መቼ ይመለሳሉ?»
«ኢንሻአላህ» አሉ፣ ቀን ሳይጠሩ።

ናሆም በያጅ ጠርቶ ፓኔሉን ያስሰብር ይሆናል። ላልሰጠኝ ጥገና ዛሬ በያጅ ያገኛል። ወይም አይደፍር ይሆናል። ጫፉም ነገ ይወድቅ ይሆናል፣ ወይ እስከ መስቀል ድረስ ቆሞ ውሸታም ያደርገኝ ይሆናል። እኔ አላውቅም። ሥራ እንደሌለኝ ግን አውቃለሁ፣ ዛሬ ከዚያ ሥር ማንም እንዳላለፈም አውቃለሁ።

ሶልያና ሥዕሎቿን ለጎረቤት አዙራ ጨርሳ አንዱን ለእኔ አስቀርታልኛለች። ተሳፍራ የማታውቀውን ተራራ ነው የሳለችው፣ እኔ በነገርኳት ብቻ። አንበሳው ቢጫ ነው። ፏፏቴው ይወርዳል። ጭላዳዋ ሁለት ጆሮ አላት። ሰማዩ ሮዝ ነው፣ እኔ የቀባሁትን ሮዝ ማለት ይቻላል። በመሃሉ ባቡሩ ይሮጣል፣ ወንበሮቹ ግን ሁሉም ባዶ ናቸው።

«ሰዎቹስ?» አልኳት።
«አትፈቅጂም ብዬ ነዋ» አለችኝ።

ቁመቷን ካሰመርኩበት በር ላይ፣ ከመስመሩ ከፍ አድርጌ ለጠፍኩት።