ስንት ለስንት ነን?

ጥር 28
ውሃ መጣች። ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ። ባሌ ታጠቅ ከጂቡቲ ተመልሶ መኪናውን ሞጆ አቁሞ መጥቷል። ሳይታጠብ ከልጃችን ከመስከረም ጋር ማንጎው ሥር ነው። ኳሱን በመረብ ከቅርንጫፉ አንጠልጥሎላታል... በየቀኑ ሃምሳ ቴስታ። ወንጂ ሲጫወት በቴስታ ነበር የሚታወቀው፤ ልጁም በአሥራ አንድ ዓመቷ እንድትታወቅለት ይፈልጋል። እሱ መንገድ ሲሆን የምቆጥርላት እኔ ነኝ። ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ?

የካቲት 6
መስከረም ራሴን አለች። ሦስተኛ ቀኗ። "የአዳማ ፀሐይ ነው" አልኳት። ሻሽ አሰርኩላት።

የካቲት 14


ጨዋታው ከመቂ ልጆች ጋር ነበር። ለቴስታ ዘለለች፣ ከአንዷ ጋር ራስ ለራስ ተጋጩ። ወደቀች... ተነሳች። ውሃ አፈሰሱባት፣ ሰው አጨበጨበ። አሰልጣኟ ጂብሪል ግን ጎንበስ ብሎ "ስንት ለስንት ነን?" አላት። "ሦስት ለባዶ" አለች። የባለፈው ሳምንት ውጤት! ዛሬ ገና ጎል አልገባም። አስወጣት።

እኔስ? መስመሩ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት። "አስገባት እንጂ! ቆማ እየሄደች!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ሸዋዬ። ዛሬ አትገባም።"

"ፈሪ!" አልኩት፣ ሰው ፊት።

ባጃጅ ውስጥ አስመለሳት። "እማዬ፣ ጨዋታው መቼ ነው?" ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሹፌሩን በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት አልኩት።

የካቲት 15
ተመስገን። ደም አልፈሰሰም። "አንጎሏ ተናውጧል" አሉኝ ዶክተሯ። "በዚያው ላይ ሁለተኛ ተመትታ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ማን ነው ያስወጣት?"

"አሰልጣኟ።"

"ያመስግኑት።"

መሬት መሬቱን አየሁ። ስለ ማንጎውም ነገርኳቸው። "ሃምሳ ምት፣ በየቀኑ፣ ለልጅ ጭንቅላት? ይቅርባት።" ያ ፀሐይ ነው ያልኩት ራስ ምታትስ?...

የካቲት 16
ለታጠቅ በስልክ ነገርኩት። "ጥፋተኛው እኔ ነኝ" አለ። "ሁለታችንም ነን" አልኩት። ቆጣሪዋ እኔ አይደለሁ?

መጋቢት 5
ለማፍጠሪያው ቴምር ይዤ ጂብሪል ቤት ሄድኩ። ያን ቀን በዚያ ሐሩር ውሃ ሳይቀምስ ነበር የቆመው። እኔም ሁዳዴ ላይ ነበርኩ። እሱ በጾም አፉ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔ በጾም አፌ ሰደብኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ።

"ኧረ እትዬ! እናት አይደሉ? የእኔዋም ትጮህ ነበር።"

ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ልጄን ያተረፈልኝን ሰው ነው ፈሪ ያልኩት።

ሚያዝያ 10
ዶክተሯ ፈቅደውላት ዛሬ ሜዳ ገባች። ማንጎው ላይ ኳስ የለም፤ ታጠቅ ገመዱን የልብስ ማስጫ አድርጎልኛል።

ኳስ ከላይ መጣ። "በቴስታ!" አለ አንዱ ከኋላዬ። መስከረም ሳትነካው አሳለፈችው... ጎል ገባብን። ሰውየው ሊሰድባት አፉን ሲከፍት "ተዋት!" ብዬ ዞርኩበት። ጂብሪል ሰምቶ በሳቅ ሞተ።

ባጃጅ ውስጥ "ስንት ለስንት ነን?" አልኳት።

"ሁለት ለአንድ ተሸነፍን! አይተሽ የለ እንዴ? ምን ታበሳጪኛለሽ?" ፊቷን አዞረችብኝ።

አቤት ደስ ማለቱ! ተመስገን ጌታዬ።