ሁለት ጊዜ ተሰናብቼ ላልሄድኩበት ጉዳይ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የጊዜያዊ ከለላ ጉዳዮች ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያለ ዕረፍት ደብዳቤ የሚያትምልኝ ያ ትጉህ ማሽንዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኦንዲና ማራዲያጋ፣ የሆንዱራስ ተወላጅ፣ የኒው ኦርሊንስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር፣ እጅግ ደህና ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ዳኛዋ ውሳኔዎን ስላገዱልን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስስቅ ውዬ ስስቅ አድራለሁ፤ ጉንጬን ሁሉ አሞኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የሚያነቡ ጎረቤቶቼ ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ (ባጭሩ መናገር ባልችልም)። አገራችንን ያ ክፉ አውሎ ነፋስ ጠራርጎ በወሰዳት ጊዜ፣ እዚህ የነበርነውን የዚህ አገር መንግሥት «እስኪሻሻል ድረስ ሠርታችሁ ኑሩ» ብሎ ጊዜያዊ ከለላ ሰጠን። ጊዜያዊው ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። እኔና ባለቤቴ ሮሴንዶ በዚያው ወረቀት ሠራን፣ ቤት ያዝን፣ ልጃችንን ዬሴኒያን ወለድን። ባለፈው በጋ ደብዳቤዎ መጣ፦ ከለላው አብቅቷል፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ውጡ። ዬሴኒያ የዚህ አገር ዜጋ ስለሆነች መቅረት ትችላለች፤ መሄድ ያለብን እኛ ነን። ቤተሰብን እንዲህ በሥርዓት ለሁለት መክፈል ቀላል ሙያ አይደለምና ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ምሥራቹ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ «በአገርዎ ያለው ሁኔታ ተሻሽሏል» ስለሚል፣ አገር ቤት፣ ቾሎማ ከተማ ወደምትኖረው እህቴ ወደ ኖኤሚ ደውዬ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። መብራት ከጠፋባት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። «ተሻሽሏል ያለሽን ሰውዬ እስቲ አገናኚኝ» አለችኝ፤ «የት ጋ እንደተሻሻለ ይንገረኝና እኔም ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ ወደዚያው ልግባ!» አድራሻውን ቢልኩላት በእህቴ ስም እለምናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ስንብቶቼ አመሰግናለሁ። በእኛ ዘንድ ጨርሶ የሚሄድ ሰው ዕቃውን አይሸጥም፤ ወዳጆቹ ምግብ ይዘው ይሰበሰቡለትና እሱ «ይሄ ላንተ፣ ያ ላንቺ» እያለ ያከፋፍላል። ከሰባት ዓመት በፊት እርስዎ የሚመሩት መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ውጡ ባለን ጊዜ አለቀስን፣ ጨፈርን፣ ወንበሮቼን ሰጠሁ፤ ፍርድ ቤት አገደልን። ዘንድሮም ያው ድግስ፣ ያው ልቅሶ፤ እጄ የገባውን ሁሉ በተንኩት። በሙዝ ቅጠል የምንጠቀልለውን የገና የበቆሎ ምግባችንን፣ ናካታማልን፣ የምቀቅልበትን፣ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ የሚያህለውን ድስቴን ለአበልጄ ለሚርታላ ሰጠኋት። እሷም ይኸው አገዱልን ባልኩ ጊዜ አቅፋ ስማኝ፣ ድስቱን ስጠይቃት ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ምን አለችኝ መሰለዎት? «አበልጄ፣ ዳኛዋ ላንቺ ፈረዱ እንጂ ለድስቱ አልፈረዱም!» ጠበቃችንን ብጠይቃት በዚህ ላይ ሕጉ ዝም ይላል አለችኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶችም ለሦስተኛ ጊዜ ከተሰናበትኩ ምግቡን ራሴው ይዤ እንድመጣ ወስነዋል።

ሦስተኛ፦ ስለ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ። የመንጃ ፈቃዴ ከከለላው ወረቀት ጋር አብሮ ስለሚሞት፣ አለቃዬ ሚስተር ቲቦዶ ዓይኔን ማየት እያቃተው «ኦንዲና፣ እኔ እኮ አይደለሁም፣ ወረቀቱ ነው» ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ልጅ ያለ ቦታው አውርጄ አላውቅም። አራት ወር ሙሉ በመስኮት ቆሜ የእኔ አውቶቡስ በሰው እጅ ሲያልፍ አየሁ። እንዲህ ያለ ዕረፍት ለጠላቴም አልመኝም፤ ለእርስዎ ግን፣ ሥራ ስለሚበዛብዎ፣ ከልቤ እመኛለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ይግባኙ አመሰግናለሁ። ደስታችን ገና ሳይበርድ ይግባኝ ማለትዎን ጠበቃችን ነገረችን፤ ያደርጉታል ብለን ስንፈራ አላሳፈሩንም። በይግባኙ ከተረታን ዳግመኛ ማገጃ ላይኖር ይችላል ብላናለች። ይህን ስሰማ፣ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎና፣ ሳቄ ለጊዜው ቆሞ ነበር። አልጋችንን ለአንድ ጥንድ ሙሽሮች ሰጥተን ስለነበር እኛ መሬት ላይ ነው የምንተኛው፤ ሮሴንዶ ደግሞ «ይግባኙ እስኪታይ ፍራሽ ላይ እንቆይ፣ ምን ያስቸኩለናል?» ይላል። ሦስት ሌሊት እሺ አልኩት። በአራተኛው ቀን ሄጄ ጥቁር እንጨት የሆነ፣ የማይፈታ የማይገጠም አልጋ ገዛሁ። ሮሴንዶና ሁለት ጎረቤቶቻችን በሩን ነቅለው እያቃሰቱ አስገቡት። «አንቺ ሴት፣ ሂዱ ብንባል ይሄን ጉድ ማን ያወጣዋል?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ማንም» አልኩት።

የከበረ ጊዜዎን በዚህ ሁሉ ወሬ ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ እድሜና ጤና፣ ደግሞም ጥሩ ጥሩ ጠበቆች እንዲሰጥዎ እመኛለሁ፤ የእኛዋ እንዳይሰለቻት።

ውጡ በተባልኩ ቁጥር በታላቅ አክብሮት የማነብልዎ፣ በታላቅ አክብሮትም የምቀመጥብዎ፣
ኦንዲና ማራዲያጋ
ዳግመኛ ከአውቶቡሷ መሪ ኋላ

ማሳሰቢያ፦ በፖስታው ላይ የስምዎን ቦታ ባዶ መተዌ ንቀት እንዳይመስልብኝ። ከእርስዎ በፊት በዚያ ወንበር ለተቀመጡት ኃላፊዎች ሁሉ በየስማቸው ጽፌ ነበር፤ ሁሉም ደብዳቤ «እኚህ ሰው እዚህ የሉም» ተብሎ ተመለሰልኝ። የእኔ አድራሻ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ነው። ስለዚህ ከሁለታችን ጊዜያዊው ማን እንደሆነ ይግባኝ ሰሚው ችሎት አብሮ እንዲያጣራልን፣ እስከዚያው በወንበሩ ላይ ካሉ፣ ቢያመለክቱልኝ ደስ ይለኛል።