ሐብሐብ አቀላለብ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬም ሐብሐብ። ጭነቱ ጎህ ሲቀድ ደረሰ፣ ተሰልፈን በቅብብሎሽ አራገፍነው። ከላይ ይወረወርልሃል፣ ትቀልባለህ፣ ለሚቀጥለው ትወረውራለህ። ከጎኔ ለሚቆመው ወፍራም ሰውዬ "እንካ ልጅህን፣ አንተን ነው የሚመስለው" እያልኩ ስወረውርለት በሳቅ አንዱን ሊጥለው ነበር። አለቃ እኔን ገላመጠኝ። ሁሌ እኔን... የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ፣ ምን እላለሁ።

ማታ እህቴ የጓዳውን በር በጠመኔ ሞልታዋለች። ሰኞ አንድ ትምህርት ቤት ለሙከራ ታስተምራለች፣ ከወደዷት ትቀጠራለች። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ሞክራ ተማሪ ሲስቅባት ድምፅዋ ጥፍት ብሎ ተመልሳለች። ይሄም ካልሆነ ፊዚክሱን ትቼ አክስቴ ሱቅ እገባለሁ ብላለች። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት... ቀልድ አይደለም።

"ላንተ ከገባህ ለድንጋይም ይገባዋል" ብላ አስቀመጠችኝ። ዘጠነኛን ከመሃል ጥዬ ለወጣሁት ለእኔ።

ሞመንተም ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ነው። እማዬ ጫማዋን ይዛ ስታባርረኝ ስንት ይመጣል? ብዬ ብጠይቅ ጠመኔውን ግንባሬ ላይ ለቀቀችው። ትንሽ ጠመኔ፣ ብዙ ፍጥነት። ገባኝ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ብይ አመጣች። ትሪ ላይ አንዷን አንከባላ ከቆመችው ጋር አጋጨቻት። መጪዋ ቀጥ አለች፣ የቆመችው ሄደች። ደገመችው። ያው። እንቅስቃሴው አልጠፋም፣ ለሌላዋ ተላለፈ እንጂ፣ አለች።

ከዚያ ወዲያ የምትለውን አልሰማሁም። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ብዮቹ ውስጥ ተቀምጣለች። አባዬ ያረፈ ጊዜ እኔ ቆምኩ፣ እሷ ሄደች። እኔ ወደ ሐብሐብ፣ እሷ ወደ ዩኒቨርሲቲ። ለካ ያኔ ትሪ ላይ ነበርን... ትሪውን የያዘው ማን ይሆን?

ፊቴ ላይ አንብባው ነው መሰል፣ "የቆመችው እኮ አልከሰረችም" አለች።

"ማን ከሰረች አለሽ" ብዬ አንዷን ብይ ኪሴ ከተትኩ። እስካሁን አልጋ ሥር ትፈልጋታለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሰው መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲጋጭ እያየሁ ቆምኩና ጭነት ሊያመልጠኝ ነበር። ሁሉም የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል።

እሑድ፣ ግንቦት 10

የነገው ትርኢት በጥሬ እንቁላል ነው። ረገብ ተደርጎ በተያዘ አንሶላ ላይ ሲወረወር አይሰበርም፣ ሰሌዳ ላይ ግን ይፈርጣል። ሁለቱም ጋ መቆሙ አይቀርለትም። አንሶላው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያቆመው። ጊዜው ሲረዝም የሚያርፍበት ኃይል ይቀንሳል። ኢምፐልስ ይሉታል።

"ይሄማ ሐብሐብ አቀላለብ ነው" አልኳት። እጅህን ካደረቅህ ይመታሃል። ከመጣው ጋር ትንሽ ወደኋላ ከሄድክለት ግን እንቅልፍ እንደያዘው ሕፃን ሆድህ ላይ ይተኛል። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

አንሶላ ያዥ ሆኜ አብሬያት እሄዳለሁ። ሳቅ እንዳላስነሳ አስምላኛለች። ማልኩ። አንሶላው ከተቀመጠበት ትልቅ ቦርሳ ሥር ግን አንድ ሐብሐብ ሸጉጫለሁ፣ ስትሸከም ላቧ ጠብ ሲል ለማየት። መሐላዬን አላፈረስኩም፣ የምስቀው መንገድ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ቦርሳውን ያሸከመችው እኔኑ ነው። መንገዱን ሙሉ የራሴን ተንኮል ተሸክሜ...

ክፍሉ ጢም ብሏል። ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንድ ተማሪና እኔ አንሶላውን ያዝን። ወረወረች፣ እንቁላሉ አልተሰበረም። ጥሩ። ሁለተኛውን ሰሌዳው ላይ ወረወረች። ጓ። ነጥሮ ወደቀ፣ ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ። ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ ነጩ ይታያል። ቅቅል።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እህቴ ዞራ አየችኝ። "አንተ ነህ" አለች፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ።

እኔ አይደለሁም። ጠዋት ድስቱ ምድጃው ላይ ሲፈላ አይቻለሁ፣ እማዬ ምን እንደምትቀቅል አልጠየቅኩም። ለካ እንቁላሎቹን ነው፣ መንገድ ላይ ተሰብረው የልጇን ቀሚስ እንዳያበላሹ። ልናገር? ማን ያምነኛል? ቢያምነኝስ... ይሄ ሁሉ ሄዶ እማዬ ላይ ሊያርፍ? ከመጣው ጋር ወደኋላ ሄድኩለት። ሆዴ ላይ ተኛ።

"ሐብሐብ አለ" አልኳት። "ከቦርሳው ሥር።"

አወጣችው። ወረወረችልኝ። ብጥለው ክፍሉ በሳቅ ይሞታል... እጄን እንዴት እንደበላኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀለብኩት። ኮሽ እንኳ አላለም።

"ለምንድነው እጁን ወደኋላ የሳበው?" ብላ በቀጠነ ድምፅ ጠየቀች። ከመስኮቱ ጥግ አንዷ ልጅ "ጊዜ ሊያገኝ" አለች። የእህቴ ድምፅ ያኔ ተመለሰ። ሐብሐቡን ተቀብላኝ እንደ ግድግዳ ቁም አለችኝና መልሳ ወረወረችው። ደረቴን ነርቶኝ ወለሉ ላይ ፈረጠ፣ ቀይ በቀይ። የርዕሰ መምህሩም ሱሪ ድርሻውን አገኘ። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ እየሳቀች ማስተማሯን ቀጠለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን በመንገዱ ማዶ ብቻዋን ሄደች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ደረቴ ጠቁሯል። ስነካው ደስ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ ደወሉላት። ተቀጥራለች። እራት ላይ እማዬን አቅፋ አለቀሰች። እኔን ዘላ ጨው አንሺልኝ ትላታለች፣ ጨው እኔ ፊት እያለ።

እማዬ ሳህን እያነሳች፣ "እንቁላሎቹስ ደህና ደረሱልሽ? እንዳይሰበሩብሽ ብዬ ቀቅዬልሽ ነበር እኮ" አለቻት።

የእህቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዞራ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"አንድም አልተሰበረም፣ እማዬ" አልኩ።

የሰረቅኳትን ብይ ከኪሴ አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ ወደ እህቴ አንከባለልኳት። ከመጣችው ጋር እጇን ወደኋላ ስባ ተቀበለቻት። ትንሽ ያዘቻት። ከዚያ መልሳ ወደ እኔ ላከቻት።