ማዳበሪያ ያልነካው መደብ

ተፍኪ፣ ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ጂቱስ፣ ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ምግብ ግን አፌ ሲደርስ ያቅለሸልሸኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ "ምንም የለብሽም" ተብያለሁ።

ለገና ያልመጣሁት መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ፤ የሰበታው መንገድ በዋዜማው ተከፍቶ ነበር። እውነቱን በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፍልህ።

ኦቦ ዲሪርሳን አታውቃቸውም። ከተፍኪ ወጣ ብሎ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ስንዴና ጤፍ የሚያርሱ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። አምና ለማዳበሪያ ሙከራዬ መሬት ሳፈላልግ ሌላው ሁሉ ሲያመላልሰኝ፣ እሳቸው አንድ ቀን አስበው እሺ አሉኝ። ማሳቸው ላይ አራት መደብ ለካሁ። አንደኛው ምንም ማዳበሪያ አይነካውም፤ ሁለተኛው ዩሪያ ብቻ፣ ሦስተኛው ዚንክ ብቻ፣ አራተኛው ሁለቱንም ያገኛል።

ነጩን የዚንክ ዱቄት ሲያዩ ሳቁ። "ይቺን ጨው ለላሞቼ ብትሰጪልኝ አይሻልም?" አሉኝ። ባለቤታቸው አዴ ተረፈች ግን ቁጭ ብለው ጠየቁኝ። አፈሩ ዚንክ እንደሚያንሰው፣ አዲሱ ቅጠል ላይ የሚወጣው ነጣ ያለ መስመር ከዚያ የመጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዩሪያው ሰብሉን ያሳድጋል፤ ዚንኩም እስከ ፍሬው እንዲደርስ ያግዘዋል፤ ስለዚህ የሚጠቀመው ገበሬው ብቻ አይደለም፣ ስንዴውን የሚበላውም ነው አልኳቸው።

መስከረም ላይ አራተኛው መደብ ከመንገድ ሆኖ ላየው እንኳ ይለይ ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ "ኑ፣ የልጄን ስንዴ እዩ" ይሉ ጀመር። ኅዳር ላይ ታጭዶ ተወቃ፤ ሚዛኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሄክታር ሲሰላ ምንም ያልነካው አሥራ ሦስት ኩንታል፣ ዩሪያ ብቻ ያገኘው ሃያ ዘጠኝ፣ ዚንክ ብቻ ያገኘው አሥራ አምስት፣ ሁለቱን ያገኘው ሠላሳ አምስት። ያን ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ወዲያው ላንተ ደወልኩ። አራቱንም ቁጥር አስደግመህ ጠየቅኸኝ፤ እኔም ጎሽ ልትለኝ ነው ብዬ ደገምኩልህ።

በአራተኛው ቀን የግብርና ጽሕፈት ቤቱ አለቃዬ ሽመክት አስጠራኝ። የነዲሪርሳ መሬት ለአንድ ባለሀብት ሊሰጥ ነው፤ ካሳው የሚተመነው በምርቱ ልክ ስለሆነ ኮሚቴው የባለሙያ ቁጥር ይፈልጋል አለኝ። ሪፖርቴን ገና አላስረከብኩም ነበር፤ እሱ ግን "አሥራ ሦስት የሚለውን ጻፊ" አለኝ። የሙከራው ባዶ መደብ ነው እንጂ የሰውየው ምርት አይደለም፤ ሲያርሱ የኖሩት በዩሪያ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

"ያንቺው ሚዛን፣ ያንቺው ቁጥር ነው። ማን ዋሺ አለሽ?" አለኝ።

ፈረምኩ፣ ወንድም ጋሼ። ከዚያ ወጥቼ ምሳ በላሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ ቁጥሩ ቀበሌ ውስጥ በሕዝብ ፊት ተነበበ። ኦቦ ዲሪርሳ ከወንበራቸው ተነሡ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሚዛኑን የያዝሽው አንቺ አልነበርሽም?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ወረቀት አገላበጥኩ። አዴ ተረፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እኔን ማየት ተዉ። ከራሴ ጋር አንድ ቆዳ ውስጥ መሆኔ ያን ጊዜ አስጠላኝ።

በሳምንቱ ተማሪዎች፣ አዲስ አበባ ወደ ገበሬው መሬት ትስፋ የሚለውን ዕቅድ በመቃወም፣ "ማስተር ፕላኑ ይቅር" እያሉ ወጡ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሰው ከየቤቱ ተለቅሞ ታሰረ። ኦቦ ዲሪርሳንም ከአውድማ ጭድ ሲከምሩ ወሰዷቸው። ቀበሌ ተነሥተው የተናገሩት ተቆጥሮባቸው ነው።

መታሰራቸውን ስሰማ የመስክ ደብተሬን ይዤ አዴ ተረፈች ዘንድ ሄድኩ። አላስቀመጡኝም። በር ላይ ቆሜ አራቱንም መደብ ገልብጬ፣ የፈረምኩት ሐሰት መሆኑን ጽፌ፣ ስሜን አኖርኩበት። አብረን ወረዳ ወስደን ለአቤቱታ ሰሚው ሰጠን። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ።

ሽመክት በማግስቱ ከሥራ አገደኝ። ደብዳቤውን ሲሰጠኝ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ መልእክተኛ ነኝ። ሚሚሾ እሺ ትላለች፣ እኔን አታሳፍረኝም ነው ያለኝ" አለኝ።

ሚሚሾ። ተፍኪ ውስጥ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው የለም፤ በሱ የምትጠራኝ አንተ ብቻ ነህ። ማን አለህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ደብዳቤውን አጥፌ ስወጣ፣ ያን ቀን አራቱን ቁጥር ለምን እንዳስደገምከኝ ገባኝ።

አሁን ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። የኦቦ ዲሪርሳ ማሳ ግን ከዚያ በፊት በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ዘበኛም ቆሞለታል። ካሳው እንደገና ይታያል ብለዋቸዋል፤ መቼ እንደሆነ አልተናገሩም። እሳቸው ባለፈው ሐሙስ ተፈቱ። ትናንት ከስተው፣ ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ በከዘራ ወደ ተከራየሁበት ቤት መጡ። ከደጅ አላለፉም። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልለመንኳቸውም። "ከቤቴ ጀርባ የቀረችኝ ቁራጭ መሬት አለች። ክረምት ሲገባ የዚያን ጨው ልክ ጽፈሽ ስጪኝ፤ አንቺ እንድትመጪ አይደለም" አሉ። ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ ሄዱ።

ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ደብተሬን የሸፈንክልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሸኘኸኝ አንተ ነህ። ያን አልክድም። ለዚህ ደብዳቤ ግን መልስ አትጻፍልኝ፤ ሰውም አትላክብኝ።

ጂቱን ሳምልኝ። ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ ሲያድጉም የሚያምኑትን ሰው አያሳጣቸው። ላንተም እንቅልፍ ይስጥህ።

ታናሽ እህትህ