«ዝፈን» ስለሚለው አዝራር ለቅጥያ መርማሪዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የብሮውዘር ቅጥያዎች መርማሪ ክፍል፤
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ዓይኖቻችሁ ከስክሪን ብርሃን፣ ጣቶቻችሁም «አልተፈቀደም» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ከመጫን ድካም እንዲጠበቁ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በኖቫ ስኮሺያ ደቡብ ዳርቻ፣ በስቶኒ ኮቭ ወደብ የምንኖረው፣ ጉሙ ሰሞኑን አልገፈፍ ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

ስሜ ቨርና ክሮዌል ይባላል። እናንተ ግን የምታውቁኝ «ውድ አልሚ»፣ ማለትም ውድ ፕሮግራም ሠሪ፣ እያላችሁ በምትልኩልኝ መልእክቶች ነው፤ ውድነቴንም ከእናንተ በቀር ማንም እንዲህ አዘውትሮ አስታውሶኝ አያውቅምና በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። እንጀራዬ የወደባችንን የሎብስተር አጥማጆች ማኅበር ድረ ገጽ መጠበቅ ነው። አባቴ ኤልስዎርዝ ክሮዌል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ፣ ሎብስተርን፣ በወጥመድ ሲያጠምድ ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክም ከጀልባው ወረደ። አሁን የሚያየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ ቀለም ይለያል፣ ፊደል ግን አይለይም።

ከጀልባው ቢወርድም ከባሕሩ አልወረደም። ማለዳ ማለዳ ማድ ቤቱ ተቀምጦ የባሕሩን የአየር ትንበያ በራዲዮ ለጀልባዎቹ ይናገራል፤ ነፋሱን፣ ማዕበሉን፣ እይታውን፣ ማለትም በጉሙ ውስጥ ምን ያህል ርቆ ማየት እንደሚቻል፣ አንድ በአንድ ይላል። ከዚያ በኋላ ትናንት ወጥመዱን በሰው ገመድ ላይ የጣለውን በስሙ ጠርቶ ይሰድባል። ጀልባዎቹ ሁሉ ስልክም መሣሪያም ስላላቸው ትንበያውን ከእርሱ ቀድመው ያውቁታል፤ እርሱም እንደሚያውቁት ያውቃል። ሆኖም ጎረቤታችን ዴልበርት ኒከርሰን እንደሚለው፣ «ሽማግሌው ካልሰደበኝ የጀልባዬን ገመድ አልፈታም፤ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።»

ትንበያውን የሚያገኘው ከድረ ገጽ ነውና፣ ፊደል ከዓይኑ ሲጠፋ፣ የተከፈተውን ገጽ፣ ምንም ካልተከፈተ ደግሞ የባሕሩን ትንበያ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ቅጥያ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም፣ ሠራሁለት። ንባቡን ለማስጀመር ግን በቀኝ ጠቅታ ከሚከፈት ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ያስፈልግ ነበር፤ ዝርዝሩ ደግሞ ያው ፊደል ነው። ስለዚህ በየማለዳው አጠገቡ ቆሜ የምጫንለት እኔ ነበርኩ። ይህን እንዴት እንደሚጠላው! «ደግሞ በማንኪያ ልታጎርሺኝ መጣሽ?» ይለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እኔም በብሮውዘሩ አናት በሚገኘው የመሣሪያ አሞሌ ላይ አንድ አዝራር ልጨምርለት ቆረጥኩ። ጥቂት መስመር ኮድ፣ አንድ ትንሽ ሥዕል፣ አንድ ስያሜ፤ በቃ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ማንኛውም ለውጥ ያለ እናንተ ፈቃድ እንደማይወጣ ባውቅም፣ ትጋታችሁን ገና ስላላወቅሁ ነውና በይቅርታ እለፉልኝ።

አሁን በፈቃዳችሁ ወደ ምስጋናዬ ዝርዝር ልግባ።

1ኛ. ስለ ስያሜው። አዝራሩ ሲጫኑት ስያሜውን በድምፅ ይናገራል፤ ስያሜውን የመረጠው ራሱ አባቴ ነው። «ዝፈን» አለው። በእኛ ወደብ ካፒቴኑ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ለቆመው ሰው «ድንጋይ ካየህ ዝፈን!» ይለዋል፤ ያየኸውን ጮክ ብለህ ተናገር ማለቱ ነው እንጂ ዜማ የሚጠብቅ የለም። እናንተ ግን ጠበቃችሁ። «አዝራሩ ‹ዝፈን› ይላል፤ ስንጫነው ግን ምንም ዓይነት ሙዚቃ አልሰማንም፤ ስለዚህ ስያሜው ተጠቃሚውን ያሳስታል» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። የተማሩ፣ የሠለጠኑ፣ ምናልባትም የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቁ መርማሪዎች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዘፈን ሲጠብቁ፣ «ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፣ እየበረታ የሚሄድ» የሚል ድምፅ ሲመጣባቸው የተሰማቸውን ቅሬታ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

2ኛ. ስለ ሥዕሉ። እዚህ አገር እያንዳንዱ አጥማጅ ወጥመዱ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ሞላላ ተንሳፋፊ አለው፤ ቀለሙም የራሱ ብቻ ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ የሌላውን ቀለም የነካ ወደቡ ላይ ሰላምታ የሚያጣበት። የአባቴ ላዩ ብርቱካንማ፣ ታቹ ጥቁር፣ ወገቡ ነጭ ነው። ይህን ቀለም በዚያ በደከመ ዓይኑ እንኳ ከሩቅ ይለየዋል። አዝራሩ ላይ የሳልኩትም ይህንኑ ነበር። እናንተም «ሥዕሉ ክኒን ይመስላል፤ የሕክምና አገልግሎት እንዳይመስል በግራጫ ድምፅ ማጉያ ይተካ» በማለት ለሕዝብ ጤና ያላችሁን ተቆርቋሪነት ገለጻችሁ።

እኔም ታዛዥ ነኝና ተካሁት። ስያሜውንም እንደ ምክራችሁ «የገጹን ይዘት በድምፅ አንብብ» አልኩት፤ ወዲያው ፈቀዳችሁ። የሎብስተር ማጥመጃ ወራት በሚከፈትበት ማለዳ፣ ጀልባዎቹ ወጥመድ በወጥመድ ላይ ጭነው ሞተር አስነሥተው ሲጠብቁ፣ አባቴ በግራጫ አሞሌ ላይ ግራጫ አዝራር ይፈልግ ጀመር። «የት አባቱ ገባ?» እያለ የማውሱን ቀስት ወዲያ ወዲህ አመላለሰው። በመጨረሻ ያገኘ መስሎት ሲጫን የብሮውዘሩን መስኮት ዘጋው። «ቆይ አባዬ፣ እኔ ልክፈትልህ» ብዬ እጄን ስዘረጋ እጄን ገፋው። በራዲዮው የዴልበርት ድምፅ፣ «ሽማግሌው፣ ተኛህ እንዴ? ስድባችንን ስጠንና እንሂድ!» አለ። አባቴ የራዲዮውን መነጋገሪያ አንሥቶ «ዛሬ ራሳችሁ እዩት» ብሎ አስቀመጠው። ጀልባዎቹ ወጡ። እርሱም ራዲዮውን ነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከድሮ ካፖርቱ ሥር ከተተው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ያን ቀን አልቅሻለሁ። አባቴ ዓይኑ ሲደክም እንኳ እንዲህ ሲያረጅ አላየሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እንደ ልማዱ ይነሣል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ ከዚያ የሚሠራው ነገር ስለሌለው ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

3ኛ. ስለ ጥያቄያችሁ። የቀድሞው ሥዕልና ስያሜ እንዲመለስ ባመለከትኩ ጊዜ፣ ይህን የሚፈልገው ምን ያህል ሰው እንደሆነ ጠየቃችሁኝ። አንድ ሰው ነው አልኳችሁ። «የታሰበለት ተጠቃሚ እጅግ ውስን ነው» አላችሁ። ልክ ናችሁ። አባት ስንፈጥር የብዛቱን ነገር አላሰብንበትም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ መንገር አልፈለግሁም ነበር፤ ነገር ግን ዘፈን ስለ መጠበቃችሁ ስነግረው፣ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም እንደገና ወደ ሳቅ። «ታዲያ ሰዎቹ ዘፈን አማራቸው እኮ!» አለ። «ቅጂው፣ እንዝፈንላቸው!» ወዲያውም በዚያ በጎረነነ ድምፁ፣ ወጥመድ ሲጎትቱ ከሚያዜሙት ለሕዝብ ጆሮ የሚበቃውን አንድ ስንኝ ፈልጎ (ፍለጋው ቀላል አልነበረም) ዘፈነ። እኔም ቀዳሁትና፣ አዝራሩ ሲጫኑት መጀመሪያ እንዲዘፍን፣ ከዚያ እንዲያነብ አደረግሁ። ብርቱካንማውን፣ ጥቁሩንና ነጩን ተንሳፋፊም መልሼ ላክሁላችሁ። «አሁን አዝራሩ የሚለውን ያደርጋል፤ እንኳን ደስ አለዎት!» የሚለው መልሳችሁ በዚያው ከሰዓት ደረሰኝ።

በማግስቱ ራዲዮው ከካፖርቱ ሥር ወጣ። አባቴ ቀለሙን አየ፣ ብቻውን ተጫነ፣ የራሱን ዘፈን ሰማ፣ መነጋገሪያውን ይዞ ስለነበር ወደቡም አብሮ ሰማ። አሁን ጀልባዎቹ በየማለዳው ስንኙን ከእርሱ ጋር ይቀበላሉ፤ ዴልበርት ከሁሉ የከፋ ድምፅ አለው። እኔ ከእንግዲህ ለመጫን አላስፈልግምና በዚያ ሰዓት ቤቴ ተኝቻለሁ።

4ኛ. ይህን ደብዳቤ በይፋ እንድጽፍ ያስገደደኝ የመጨረሻው ምስጋናዬ ትናንት ስለ ደረሰኝ ማሳሰቢያ ነው። ቅጥያዬን በበጎ ፈቃዳችሁ ወደ ሙዚቃ መደብ እንዳዛወራችሁት፣ አድማጮችም እንዳገኘ ገልጻችሁልኛል። ቀጥላችሁም፣ «ከዘፈኑ በኋላ ስለ ነፋስና ማዕበል የሚያወራው ክፍል ከቅጥያው ዓላማ ጋር ስለማይገናኝ እስከ ዓርብ ይወገድ፤ ካልሆነ አዝራሩ ይነሣል» ብላችኋል።

አንብቤ አንብቤ አልጠግበው አልኩ። እንግዲህ ዘፈኑን ያስገባችሁት እናንተ፣ ትንበያውን የምታስወጡትም እናንተ ናችሁ፤ አባቴ ደግሞ በየማለዳው ራሱ ሲዘፍን እየሰማ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በግምት ይናገር። ይህን ያህል ጥበብ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲከማች ጣሪያው እንዴት እንደቻለው ይገርመኛል። ትንበያውን አላወጣም። አዝራሩን እንድትተዉለት እለምናችኋለሁ፤ ይህን ያለ አንዳች ፌዝ ነው የምለው።

ለዘወትር ጥንቃቄያችሁ፣ ለማይጠረጠረው የሙዚቃ ጆሯችሁ፣ እንዲሁም ከክኒን ስላዳናችሁን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዘወትር አክባሪያችሁና ውድ አልሚያችሁ፣

ቨርና ክሮዌል
ከስቶኒ ኮቭ ወደብ

ማስታወሻ፦ የትናንቱን ማሳሰቢያችሁን ልነግረው ዛሬ ማለዳ ስሄድ፣ አባቴ እንዳነብለት ጠይቆኝ ነበር፤ ማንኪያ እንደማይወድ አውቃለሁና ገጹን ከፍቼ «አዝራሩን ተጫን» አልኩት። ተጫነ። አዝራሩ በደንባችሁ መሠረት መጀመሪያ ዘፈነ፣ ከዚያም ማሳሰቢያችሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል አነበበ። መነጋገሪያው ክፍት ስለነበር ጀልባዎቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ የሰጡትን አስተያየት ግን ጸያፍ ቃላትን የሚከለክለው ደንባችሁ እንዳልጽፈው አግዶኛል። አባቴ ብቻ አልተሳደበም። ጉሮሮውን ጠርጎ የዕለቱን ትንበያ እንደ ወትሮው ከተናገረ በኋላ እንዲህ ብሎ ዘጋው፦ «እይታ በስቶኒ ኮቭ፣ መልካም። በመርማሪ ክፍሉ አካባቢ፣ ምንም።»