እትዬ የሌለችበት ወንበር

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ነዳን። ነዳሁ አልልም... የነዳችው እትዬ ናት፣ በአፏ። እኔ መሪ ይዤ ፔዳል ረገጥኩ።

ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ሐኪሙ መሪ እንዳትይዝ ከልክሏታል። እሺ ብላ ቤት የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር። የት! «መንጃ ፈቃድ አውጪ» አለችኝ። አወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎኔ ተሰይማለች፤ ዓመት ሊሞላን ነው። «ሁለተኛ! ቀስ! ፍሬን! አንቺ ድንጋይ፣ ፍሬን!»

አታይም እኮ! መንገዱን በቃሏ ነው የምታውቀው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ «ጉድጓድ! ወደ ግራ!» ትላለች። ጉድጓዱ ከተደፈነ ስንት ጊዜው። ቢሆንም ወደ ግራ እላለሁ። ከእሷ ጋር ከመጨቃጨቅ ከሌለ ጉድጓድ መሸሽ ይቀላል።

መኪናው የአባታችን ነው። ግማሹ የኔ ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገረኝም። ቁልፉም ከእትዬ ደረት ወርዶ አያውቅም፤ ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሽቃው ነው የምትውለው።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

አለቃዬ ጠራኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ አዲስ የስፌት ፋብሪካ ተከፍቷል፤ የጨርቅ ቆራጮች ኃላፊ ሁኚ አለኝ። በመጨረሻ! ስንት ዓመት ጎንበስ ብዬ ስቆርጥ...

«የጠዋቱ ፈረቃ ግን አውቶቡስ ሳይጀምር ነው የሚገባው። መኪና አለሽ አይደል? ሰኞ ካልደረስሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለ።

አለኝ አልኩት። አለኝ እንዴ?

ቤት ገብቼ ነገርኳት። እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ ምን የለ።

«ብቻሽን ልትነጂ?»

«ብቻዬን።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ። እስክትወጪ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ።»

ቀኑን ሙሉ! ፋብሪካው በር ላይ! የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ከነሞግዚቷ... የያዝኩትን ሳህን ግድግዳው ላይ መፈጥፈጥ አማረኝ። አጠብኩት።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

አልተነጋገርንም። በሮቹ ብቻ ተነጋገሩ፤ እሷ የእሷን ትወረውራለች፣ እኔ የኔን።

ግንቦት 9፣ እሁድ

ፈነዳሁ። ቁልፉን ካልሰጠሽኝ ክፍል ተከራይቼ እወጣለሁ አልኳት። ሳቀች። ሻንጣዬን አልጋው ላይ ከፍቼ ልብሴን መወርወር ስጀምር ሳቋ ቀጥ አለ።

እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተች። ቁልፉን ወደ እኔ ወረወረችው፤ በአንድ ክንድ ነው የሳተኝ።

«ውሰጂ! ስትገለበጪ ግን እትዬ ድረሽልኝ እንዳትይ።»

«ብገለበጥም አልጠራሽም።»

ለመልመድ ግቢው ውስጥ ወደፊት፣ ወደኋላ አልኩ። መስኮቱ ጋ ቆማ ታዳምጣለች። ማርሹ በተንጫረረ ቁጥር አገጯ ከፍ ይላል። ደስ ብሏት ነው፣ አውቃታለሁ። እንዴት እንደጠላኋት!

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ደረስኩ። ፋብሪካው ደረስኩ! ግን...

ገና ከግቢ ስወጣ ጸጥታው አስፈራኝ። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የሚሰድበኝ የለም። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስደርስ እጄ ራሱ ወደ ግራ ጠመዘዘ። ማንም ሳያዘኝ! ሊቀድመኝ የነበረ ሚኒባስ ጎኔን ፍቆኝ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ፣

«እህቴ፣ ከምን ሸሽተሽ ነው? መንገዱ እኮ ለጥ ያለ ነው!»

ምን ልበለው? ካሳ ሳይጠይቀኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። የተቀረውን መንገድ እየተሳደብኩ ነዳሁት። አለቃዬ ሰዓቱን አይቶ «ጎበዝ» አለኝ። ቦታው የኔ ሆነ።

ማታ እትዬ ወጥታ መኪናውን ዳበሰችው። ከኋላ ጀምራ፣ በመዳፏ። የተጫረው በር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይኸው! አላልኩም? የት ነው?»

«መድኃኒት ቤቱ ጋ። ከጉድጓዱ ስሸሽ።»

«ጉድጓድ መኖሩን እያወቅሽ እንዴት...»

«ጉድጓድ የለም! አምና ተደፍኗል። አንቺ ስትጮሂ ነው ዓመቱን ሙሉ ከባዶ ሜዳ የምሸሸው!»

እጇን ከበሩ ላይ አነሳች።

«ዓመቱን ሙሉ?» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

እንዳልጣላት... እንዳይከፋት... አላውቅም። ምናልባት ውስጥ ውስጡን እየሳቅኩባት ነበር።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ሆነ፣ አንድም ነገር አላዘዘችኝም። ጨው በዛ እንኳ አላለችም። በዝቶ ነበር።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

«ነገ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ከተመቸሽ ነው። ካልተመቸሽ ተይው።»

እትዬ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም።

«ሥራ አለኝ» አልኳት። የለኝም። ቅዳሜ አንገባም። ድንጋይ ስትለኝ የከረመች ሴት ትንሽ ትቅመሰው፣ ምን ትሆናለች?

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ውሸቴ እንዳይነቃ በጠዋት መኪናውን ይዤ ወጣሁ። የምሄድበት የለኝም። ዞር ዞር አልኩ። አንዴም ማርሽ አልተንጫረረብኝም፤ መስኮት ከፍቼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ... ይህን ነበር የፈለግኩት።

ስመለስ ዋናው መንገድ ዳር አየኋት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጇን ትዘረጋለች። ታክሲ ይሁን የጭነት መኪና ለይታ አይደለም። ለኔም ዘረጋች።

የገዛ መኪናዋን አላወቀችውም። ልቆም ነበር። ብቆም ግን ምን እላለሁ? ሥራ ቦታ ነኝ አይደል? ነዳጁን ረገጥኩት።

አደባባዩን ዞሬ ተመለስኩ። እዚያ የለችም።

አመሻሽ ላይ ገባች። ጫማዋ አቧራ በአቧራ ነው። ተቀመጠችና እግሯን ማሸት ጀመረች።

«አንድም የቆመልኝ የለም። በእግሬ ሄጄ በእግሬ መጣሁ፤ ሐኪሙም አመለጠኝ። አንዱማ ቀስ ካለ በኋላ፣ እያየኝ፣ እየዘረጋሁለት፣ ጭራሽ ፈረጠጠ! ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ባለጌ ነው» አልኳት።